ከጣርማበር በስተግራ፦ የመንዝ ፒስታ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ጣርማበር ሲደርስ ሁለት ነገር ይቀበለዋል፤ ጉምና ዋሻ። ዋሻውን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስረው ያወጡት ነው፤ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። መኪናው ሁሉ መብራቱን አብርቶ ይገባበትና በወዲያኛው አፉ ወጥቶ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ይያያዘዋል። እኔ ላወራችሁ የፈለግሁት መንገድ ግን ዋሻው ውስጥ አይገባም። ከዋሻው በፊት ወደ ግራ ይገነጠላል፤ መዘዞን አልፎ፣ የመንዝን ደጋ ይዞ፣ የጓሳን ሜዳ አቋርጦ መሐል ሜዳ ከተማ ይደርሳል። ከጣርማበር እስከዚያ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጥሩ አስፋልት ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ መንገድ ነበር። እኛ በሄድንበት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ፒስታ፣ ማለትም የጠጠር መንገድ፣ ስለነበረ ግማሽ ቀን ፈጀብን። እውነቱን ለመናገር ግማሹን የፈጀው መንገዱ ሳይሆን "እስቲ እዚህ ጋ ቁም" እያልኩ ያስቸገርኩት እኔ ነኝ።

የሄድነው ከጦርነቱ በፊት፣ በኅዳር ወር ነው። ኅዳር 2014 ላይ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ አካባቢውን አተራመሰው። ከዚያ ወዲህም ሰሜን ሸዋ "ቅዳሜ ደርሼ እሁድ ልምጣ" ተብሎ በዋዛ የሚኬድበት አገር አልሆነም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የጉዞ ምክር አድርጋችሁ አትውሰዱት። ከማስታወሻዬና በስልኬ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ተነስቼ፣ ያን ጊዜ ያየሁትንና ከዚያ በኋላ ሲመላለስብኝ የቆየውን ነው የምጽፈው።

መኪናው የአክስቴ ልጅ አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ ነው። እሱ ይነዳል፣ እኔ አያለሁ። ይህ የሥራ ክፍፍል ለፒስታ ጉዞ ግድ ነው። ነጂው ዓይኑን ከፊቱ ካለው መሬት ላፍታ ካነሳ ወይ ጉድጓድ ይገባል፣ ወይ የሰው በግ ይገጫል፤ የሰው በግ ደግሞ መንዝ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም። በፒስታ አገር የሚያየው ተሳፋሪው ብቻ ነው።

ስለ ፒስታው ራሱ ትንሽ ልበል፤ የከተማ ሰው "አፈር መንገድ" ብሎ ሲያጣጥለው ስለምሰማ። በወጉ የተሠራ የጠጠር መንገድ መሐሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ዝናቡ ላዩ ላይ እንዳይተኛ፣ ወርዶ ፎሶው (የመንገዱ ዳር ቦይ) ውስጥ እንዲገባ። ገረጋንቲው ይደለደላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሩሎ ይሄድበታል። ጠጠሩ ሁሉ አንድ መጠን ከሆነ አይያዝም። ትልልቁ ጭነቱን ይሸከማል፣ ትንንሹ ክፍተቱን ይሞላል፣ ጭቃ ያለበት አፈር ደግሞ ያያይዛቸዋል። በጋ ላይ ያ አያያዡ አቧራ ሆኖ ይበናል፤ ክረምት ላይ ጎርፍ ይወስደዋል። የሚቀረው ልቅ ጠጠር ነው፤ ኮረኮንች የምንለው ያኔ ነው።

ከኮረኮንችም የባሰ አለ። መኪና ሲመላለስበት የኖረ ደረቅ ፒስታ ከዳር እስከ ዳር አግድም ይሸነተራል፤ አንዱ እብጠት ከሌላው ያለው ርቀት ተለክቶ የተሠራ ነው የሚመስለው። የሚሠራው ጎማው ነው። ጎማ ትንሽ ጉብታ ሲያገኝ ነጠር ይላል፤ ሲያርፍ ጠጠሩን ወደፊት ይገፋና ሌላ ጉብታ ይሠራል። የሚቀጥለው መኪናም እዚያው ነጥሮ እዚያው ያርፋል። ይህ እንዲሆን ከባድ መኪና መሆን አያስፈልገውም፣ በፍጥነት መብረርም አይጠበቅበትም፤ ከሰው እርምጃ ትንሽ ፈጠን ያለ ጎማ ሁሉ ይሠራዋል። ስለዚህ ሽንትሩን የሚረግም ነጂ ሁሉ ራሱም አዋጥቶበታል።

በዚህ ጉዳይ የነጂ ሃይማኖት ሁለት ነው። አንዱ "ቀስ ብለህ እያንዳንዷን ውረድ ውጣ" ይላል። ሌላው "ሰባ ግባና ከላይ ከላይ ሂድባት" ይላል፤ በፍጥነት ሲኬድ ጎማው ከጫፍ ጫፍ ስለሚዘል መንቀጥቀጡ በእርግጥ ይቀንሳል። የአክስቴ ልጅ የሁለተኛው ወገን ምእመን ነው። ችግሩ ያን ጊዜ ጎማው አብዛኛውን ሰዓት አየር ላይ ስለሚሆን ፍሬኑም መሪውም ግማሽ በግማሽ አይታዘዝም፤ ኩርባው ላይ ደግሞ በስተቀኝ ያለው ገደል ነው። ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ከአራቱም ጎማ ትንሽ ትንሽ አየር አስተንፍሰን ተስማማን። ጎማው ለስለስ ሲል ጠጠሩን ይውጠዋል። ጥርሴም መንጋጨቱን ተወ።

ከመዘዞ በኋላ አገሩ መታጠፍ ይጀምራል። አንዱን ጋራ ዞሮ ሲጨርሱ ሌላው ይመጣል፤ ሁሉም እስከ አናቱ ታርሷል። ኅዳር ስለሆነ ገብሱ ቢጫ ነው፣ የቀረው የስንዴ ማሳ ገና ወርቅማ አረንጓዴ፣ የባቄላው አገዳ ጠቁሮ ቆሟል፣ የታጨደው ቦታ ላይ ነዶው ተደርድሯል። ባህር ዛፉ በየቤቱ ጓሮና በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ካልሆነ የለም፤ ስለዚህ ዓይን የሚከለክለው የለም። በሰው ድምፅና በውሻ ጩኸት ካልሆነ በቀር የቱ ቤት ቅርብ የቱ ሩቅ እንደሆነ ማወቅ ያቅታል።

በፒስታ ላይ ሰላምታ አይታለፍም። በአስፋልት ሰማንያና መቶ እየሄድክ ለማን እጅህን ታነሳለህ? እዚህ ግን መንገደኛው ሁሉ ፊትህን አይቶ ያልፋል። ነጂው እግረኛ ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጨዋነትም ነው፣ አቧራ ላለማልበስና ጠጠር ላለመወርወርም ነው። እግረኛው አህያውን ወደ ዳር ያስይዛል፣ ባርኔጣውን ነካ ያደርጋል ወይም በሙሉ ወገቡ ዝቅ ብሎ "እንደምን ዋላችሁ" ይላል። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ይሰማል። እኔ አዲስ አበባ ስመለስ ለሦስት ቀን ያህል የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም ስል ከርሜ እንደ ወፈፌ ታይቻለሁ።

በዚሁ አቅጣጫ ሰላ ድንጋይ አለች። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ በ19ኛው መቶ ዘመን የገዙባት ከተማ ናት፤ ልጃቸው በአንኮበርና በአንጎለላ ሲነግሥ እሳቸው ከዚህ ሆነው ሰፊውን የሰሜን ግዛት ያስተዳድሩ ነበር። ጎራ ብዬ ላያት ፈልጌ ነበር፣ ቀኑ አልበቃንም። ሞፈር ውሃ የተባለውን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ያለው ደግሞ የጥንቱ መንዝ ነው፤ በደቡብ ሞፈር ውሃ፣ በምዕራብ አዳባይና ወንጪት፣ በሰሜን ቀጨኔ የከበቡት፣ በምሥራቅ ደግሞ የተራራው ሰንሰለት ግንብ የሆነለት አገር። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ ስሞቹ አገሩን የተከፋፈሉት የሦስት ሰዎች ስም ናቸው ይባላል።

አንድ ኩርባ ላይ ዱላቸውን ያነሱ አባት አገኘን። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ተከናንበዋል፣ በላዩ ጥቁር ባና ደርበዋል። ቆምን።

"አባቴ፣ ወዴት ነዎት?"

"ወደ መሐል ሜዳ ልጄ። ቀጠሮ አለብኝ።"

"የምን ቀጠሮ?"

"የመሬት ነዋ! የሌላ የምን ቀጠሮ ይኖረናል?"

ከኋላ ገብተው ተቀመጡ። የወንድማቸው ልጅ ወሰን ገፍቶባቸው ወረዳ ፍርድ ቤት ከሰውታል። ወሰኑ ስንት ቢሆን ነው ብዬ ስጠይቅ በዱላቸው የመኪናውን ወለል ለኩልኝ፤ ከወንበራቸው እስከ እኔ ወንበር አይሞላም። እኔ እስቃለሁ ብለው ጠብቀው መሰለኝ ፊቴን አዩት። አልሳቅኩም፤ እናቴም የገጠር ልጅ ናት።

እኚህ አባት ባይገቡ ኖሮ ይህ ጽሑፍ የቀለም ዝርዝር ሆኖ ይቀር ነበር። ከእሳቸው ጋር ከተሳፈርን በኋላ ግን መስኮቱ ውስጥ የማየው ሁሉ ምክንያት ማውጣት ጀመረ። ከታች ሸለቆው ውስጥ አንድ ሰፊ ማሳ ከሌላው ተለይቶ ነጥቷል፤ ፀሐይ ስታርፍበት ብር የሚመስል፣ ከዚያ ሁሉ አገር በጣም የሚያምረው እሱ ነበር። ለምን እንደነጣ ጠየቅኋቸው።

"ውርጭ ነው የመታው። ፍሬ የለውም፣ ገለባ ነው። ውርጭ ሌሊት ወደ ዝቅታው ነው የሚተኛ፤ ዳገቱን ይምረዋል።"

ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ከጋራው እየተንከባለለ ሸለቆው ውስጥ ይረጋል። ሳይንሱ ይኸው ነው፣ እሳቸው ቀድመው ነገሩኝ። የእሳቸው መሬት አራት ቦታ ነው፤ አንዱ ታች ረግረጉ አጠገብ፣ አንዱ ድንጋያማ ተዳፋት፣ ሁለቱ ከላይ። ሁሉንም አንድ ላይ ቢያደርጉት አይሻልም ወይ አልኳቸው።

"በረዶውም አንድ ላይ ይመታዋል እኮ!"

ከጋራ ላይ ሆኖ ሲታይ መንዝ የተጣጣፈ ጨርቅ ይመስላል፤ ቢጫ፣ ቡኒ፣ አረንጓዴ፣ እንደገና ቢጫ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ከመዳፍ አይበልጥም። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ያንን ነው፤ እኔም አንስቻለሁ። ያ የተጣጣፈ ጨርቅ ግን ለውበት አልተሰፋም። ርስት ለልጅ ልጅ ሲከፋፈል ኖረ፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጥቶ እንደገና ደለደለው፤ በ1989 የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲያካሂድ እንደገና ተቆረሰ። በየትውልዱ ሰው ይጨምራል፣ ጋራው ያው ነው። ትንሽነቱ የመሬት ጥበት ነው፣ መበታተኑ ደግሞ ውርጭና በረዶ ለሚመጣበት ቀን የተያዘ መጠባበቂያ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ያንን ፎቶ ሳየው ዓይኔ ከቀለሙ ይልቅ ወሰኖቹን ነው የሚቆጥረው።

ማሳዎቹን ሰያፍ የሚያቋርጡ ቦዮችም አሉ። ገበሬው ከዘራ በኋላ በማረሻው የሚያወጣቸው ፈሰሶች ናቸው፤ ክረምት ላይ ውሃው ሥር ላይ ተኝቶ ገብሱን እንዳያበሰብሰው ማፋሰሻ። ትንሽ ቀጥ ካሉ አፈሩን ጠርገው ይወስዱታል፣ ትንሽ ከተጋደሙ ውሃው ሞልቶ ይሰብራቸዋል። በምን እንደሚለኩት ጠየቅኋቸው፤ "በዓይን" አሉኝ፣ ጥያቄው ራሱ ገርሟቸው። መንገዱ በፎሶው የሚታገለውና ማሳው በፈሰሱ የሚታገለው ያንኑ አንድ ውሃ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ላይ የመንገዱ ቱቦ የሚተፋው ጎርፍ በቀጥታ የሰው ማሳ ውስጥ ገብቶ ገደል ቆፍሯል። መንገድ ሲሠራ ውሃው የት እንደሚሄድ ከታች ያለውን ገበሬ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ያለው ጋራ ከግርጌው እስከ ትከሻው በድንጋይ እርከን ተደርድሯል። ድንጋዩ ያለ ጭቃ ነው የተካበው፤ እያንዳንዱ መስመር የጋራውን ወገብ ይዞ ዞሮ ይጠፋል። "ይህን እኔም ሠርቼበታለሁ" አሉ አባት። "በስንዴ።" ድሮ በምግብ ለሥራ፣ ከ1997 ወዲህ ደግሞ በሴፍቲኔት ማለታቸው ነው። የመንዝ ወረዳዎች እህል የሚያጥራቸው ተብለው ፕሮግራሙ ውስጥ ከገቡት መካከል ናቸው፤ ሰው በበጋው ወራት እርከን እየካበ፣ ጥርጊያ መንገድ እያወጣ፣ እህል ወይም ብር ይቀበላል። ያን ግርማ ያለው ጋራ የካቡት የራባቸው ሰዎች ናቸው ማለት ነው። እኔ ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። እሳቸው ግን አልከበዳቸውም፤ የትኛው ረድፍ የእሳቸው ቀበሌ፣ የትኛው የማዶኞቹ እንደሆነ፣ የማዶኞቹም በየክረምቱ እንደሚናድ በኩራት አስረዱኝ።

የመንዝ ቤት የድንጋይ ነው። ክቡ ቤት፣ ወፍራም ግድግዳ፣ ትንሽ በር፤ አንዳንዱም ባለ ፎቅ ሆኖ ከብቱ ከታች ሰዉ ከላይ ያድራል፣ የከብቱ ሙቀት እንዳይባክን። በዚህ ከፍታ እንጨት የት ይገኛል? ባህር ዛፍ ራሱ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ በድንጋይ፣ በሣርና በኩበት የተኖረ ነው። ኩበቱ እሳት ሲሆን ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል፤ ይህም ደጋው የሚከፍለው አንዱ ዕዳ ነው። አመሻሽ ላይ ከየጣሪያው የሚወጣው ሰማያዊ ጭስ መልክ አለው፣ ሽታውንም እወደዋለሁ፤ ግን ጭሱ ማሳ ላይ መውደቅ የነበረበት ፍግ ነው።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፣ ጠጉሩ ግን ረጅምና ሻካራ፣ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ወይም ቡኒ። ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ባናና ዝተት ይሠሩታል። ባና ለብሶ የተኛ ሰው የመንዝ ሌሊት ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ያለ ባና የተኛ ደግሞ እስኪነጋ አይረሳውም። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ብርድ ልብስ ሳይሠራ በፊት ሸዋን ያሞቀው ይኸው በግ ነው።

ወደ ጓሳ ስንወጣ እርሻው በድንገት ያልቃል። እየሳሳ፣ እየተበታተነ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ ገብስ አለ፣ ከዚያ ወዲያ ሣር ብቻ ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚሆን ሜዳና ኮረብታ ነው። ስሙን የሰጠው ጓሳ የሚባለው ችፍግ ችፍግ ብሎ የሚበቅል ጠንካራ ሣር ነው፤ በመሐሉ ጅብራው ብቻውን ቆሞ ይታያል፣ ረግረጉ ውስጥ ውሃው ይንጣለላል።

ይህ መሬት ሳይታረስ የቀረው የማይታረስ ሆኖ አይደለም። ከዚህ ያላነሰ ቀዝቃዛ ቦታ ሲታረስ አይተን ነው የመጣነው። ያልታረሰው ሰዎች አይታረስ ብለው ስለወሰኑ ነው፤ ውሳኔውም ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ነን የሚሉት ባለርስቶች ከየወገናቸው አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ ሜዳው እስከ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድም ከብት ማሰማራትም ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ ወይም አገሩን ድርቅ ሲያስጨንቀው በበጋ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፣ ከዚያ ከብቱ ይገባል፣ ክረምት ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። አባታችን በልጅነታቸው ሲከፈት አይተዋል።

"ሌሊት ነው የሚኬደው። ሰዉ ማጭዱን ይዞ ዳር ላይ ያድራል። ከተባለበት ሰዓት በፊት እግሩን ያስገባ ወዮለት!"

"ምን ያደርጉት ነበር?"

"ኧረ ተወኝ እቴ!" ብለው ሳቁ፤ ከዚያ በላይ አልነገሩኝም።

ጓሳ ሣር ለጣሪያ ክዳን ይሆናል፤ በደንብ ከተከደነ ከሌላው ሣር ይልቅ ዘመን ይቆያል። ገመድ ይሆናል፣ እረኛው ለዝናብ የሚለብሰው ገሳ ይሆናል፣ ለመኝታም ይጎዘጎዛል። ሥርዓቱ በ1967ቱ አዋጅ ርስት ሲቀር አብሮ ፈረሰ፤ ሜዳው የሁሉም ሲሆን የማንም ሆነና ሣሩም ተመናመነ፣ እርሻውም ዳር ዳሩን በላው። ኋላ የአካባቢው ሰዎች በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ አድርገው እንደገና ያዙት፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። አገራችን ውስጥ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ከመንግሥት የወረደ ፓርክ ነው፤ ይኸኛውን ግን ጣሪያው እንዳያፈስ የሚፈልግ ገበሬ ነው የጠበቀው። ቀይ ቀበሮውም ዛሬ እዚህ የሚገኘው በሣሩ ጥላ ተጠግቶ ነው።

አየነውም። ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ፣ ጭላዳዎቹ መሐል ነበር። ጭላዳ ሌሊት ገደሉ ላይ አድሮ ጠዋት ወደ ሜዳው እየወጣ ሣር የሚግጥ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የሌለው እንስሳ ነው። ቀይ ቀበሮም እንዲሁ የእኛ ብቻ ነው፤ የቀሩት ከ500 እንደማይበልጡ ይገመታል። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሐል ጎንበስ ብሎ፣ ልጆቻቸውን ዞር ብሎ ሳያይ፣ ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ እነሱም አይሸሹትም። እዚሁ ጓሳ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቀበሮ አይጥ ሲያድን ብቻውን ከሆነ ከአራት ሙከራ አንዱ ይሳካለታል፤ ጭላዳ መሐል ሲሆን ግን ከሦስቱ ሁለቱ። ምናልባት የሚግጠው መንጋ አይጦቹን ስለሚረብሻቸው ወይም ቀበሮውን ከእነሱ ስለሚሸሽገው ይሆናል። እኔ ስልኬን አውጥቼ ስርበተበት አባታችን "ቀበሮ አይተህ አታውቅም?" አሉኝ፣ አዝነውልኝ። እሳቸው የሚያሳስባቸው ጭላዳው ነው፤ ገብስ ሲደርስ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ካልዋሉ ማሳ ያወድማል።

ከጓሳ ጫፍ በስተምሥራቅ መሬቱ ይቆረጣል። ከእግር በታች ይፋትና የአዋሽ ተፋሰስ ቆላ፣ ከዚያ ወዲያ ብናኝ የሸፈነው የአፋር ሜዳ ነው። ይህ ሸንተረር ውሃ የሚካፈልበት ነው፤ በስተምዕራብ የወደቀው ዝናብ በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፣ በስተምሥራቅ የወደቀው አዋሽ ገብቶ ባሕር ሳያይ እዚያው አፋር ምድር ላይ ይቀራል። እዚያ ቆመን በሶ በጠበጥን። አባታችን ከአገልግላቸው ቆሎ ዘረገፉልን፣ "ገብስ የእህል ንጉሥ" እያሉ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ይህን አገር ይወዱታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ተወልጄበት ምን አደርገዋለሁ?"

አሁን ስለዚህ መንገድ የተነሳብኝን አንድ ክርክር ላንሳ። ፎቶዎቹን ያየ አንድ ወዳጄ "ይህ መንገድ አስፋልት እንዳይሆን መጸለይ ነው" አለኝ፤ አገሩ ይበላሻል፣ ሰው ይጎርፋል፣ ያ ሰላምታ ይቀራል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ይህን ሁሉ ያየሁት በሰዓት ሰላሳ ስለሄድን ነው። ግን አልስማማም። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው ፊት ስለ ፒስታ ውበት ማውራት ነውር ነው። በ2003 አካባቢ የገጠር ቀበሌዎችን በሙሉ በጋና ክረምት ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ለማገናኘት ትልቅ ፕሮግራም ሲጀመር ብዙ ጋራ ላይ ጥርጊያ ወጥቷል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ግሬደር ካልተከተለው ያ መንገድ በጥቂት ክረምት ወደ ጎርፍ መውረጃነት ይለወጣል። ፒስታ ርካሽ የሚመስለው የጥገናው ሒሳብ ስለማይታይ ነው። ማዳበሪያው የሚወደደው፣ በጉ የሚረክሰው፣ አምቡላንሱ የሚዘገየው በዚያው ሒሳብ ነው። እኔ በዓመት አንድ ጊዜ መጥቼ ዓይኔን ላጠግብ ብዬ መሐል ሜዳ አቧራ ትብላ ማለት አልችልም።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ጓሳ ላይ ፍጥነቱ ይያዝ። ባሌ ውስጥ በሰነቴ አምባ ላይ በሚያልፈው መንገድ ቀይ ቀበሮ በመኪና እየተገጨ ሞቷል፤ እዚህ ያለው ቁጥሩ በጣት የሚቆጠር መንጋ ያንን አይችለውም። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ መሥራት ደግሞ ከባድ ነገር አይደለም፤ ሌላው ቢቀር ፒስታው ራሱ በነፃ ሲሠራልን ኖሯል።

መሐል ሜዳ የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። አባታችን ፍርድ ቤቱ የተዘጋ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ቀጠሯቸው ለነገ ጠዋት ሆኖ ዘመድ ቤት ሊያድሩ ነው የመጡት። ስንት ልክፈል አሉ። እኛ አንቀበልም ስንል ተቆጡ፣ ከዚያ መረቁን፣ ከዚያ "ነገ የምትመለሱ ከሆነ ስንት ሰዓት ነው?" ብለው መመለሻቸውንም አመቻቹ። ከፈረዱላቸው ከእኛ ጋር ይመለሳሉ፣ ካልፈረዱላቸው ይግባኝ ለማጻፍ ይቆያሉ።

የኋላው ጎማ እያነሰ ስለነበር ጎሚስታ ፈለግን። ወጣት ልጅ ነው፤ ጎማውን ፈቶ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አረፋው የሚወጣበትን በጣቱ ይዞ አሳየን። ግድግዳው ላይ ጠጋኝ ጎማ ተንጠልጥሏል፣ በሩ ላይ የተቀደደ ጎማ ተቆልሏል፤ መንገዱ የሠራለት ሱቅ ነው ማለት ይቻላል። አስፋልት ሲመጣ ሥራህ አይቀዘቅዝብህም ወይ አልኩት።

"ይምጣ እንጂ ጋሼ" አለ ማስቲሹን እየቀባ፣ "ሚስማር አስፋልት ላይም አለ።"